17 ሆኖ ወጥቶ 17 ሆኖ መመለስ፦ የጠሪቅ ኤል ጅዲዴ የእሑድ ተጓዦች

በቤሩት ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ የሚኖሩ ወጣት ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀናቸውን በተራራ ጉዞ ያሳልፋሉ። ከመካከላቸው አንዷ ሸለቆ ውስጥ ከጠፋችበት ቀን ወዲህ ግን አካሄዳቸውን ቀይረዋል። ከቡድኑ ጋር የምትጓዝ አንዲት እህት እንደሚከተለው ጽፋዋለች።

እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ገና አልነቃም። የሱቆቹ መዝጊያ አልተነሳም፤ ከአንድ ዳቦ ቤት በቀር ክፍት የሆነ ነገር የለም። ቫኑ የሚጠብቀን የሰፈሩ ሰው «መልዓብ ባለዲ» ከሚለው ስታዲየም ወረድ ብሎ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። በየቦርሳቸው ውሃ፣ ቆሎና ዳቦ አለ። አንዷ በፔርሙዝ ቡና ይዛለች።

ማንም ከመሳፈሩ በፊት እንቆጠራለን። እያንዳንዷ የራሷ ቁጥር አላት። «አንድ»፣ «ሁለት»፣ «ሦስት» እየተባለ እስከ አሥራ ሰባት ይደርሳል። በመሃል አንድ ቁጥር ዝም ካለ ቫኑ አይንቀሳቀስም።

አዲስ የሚመጡ ልጆች ይህን ሲያዩ ይስቃሉ፤ የትምህርት ቤት ሰልፍ ይመስላቸዋል። እኔም ድሮ ብሆን እስቅ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ መሳቅ ስላቆምንበት ቀን ነው።

ለምን ተራራ?

ሊባኖስ ከመጣሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት በአንድ ቤት በኮንትራት ሠራሁ። በእነዚያ ዓመታት ያየኋት ሊባኖስ ከበረንዳው እስከ ማዶው ሕንፃ ያለችዋን ነበር። አሁን በሰዓት ቤት እያጸዳሁ ከሦስት እህቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በቡድናችን ያሉት ልጆች አብዛኞቹ ከ20 እስከ 26 ዓመት ናቸው። ስለምበልጣቸው «እትዬ» ይሉኛል። ሙስሊምም ክርስቲያንም አለን። እንደ እኔ ውጪ የሚኖሩ አሉ፤ ማዳም ቤት እያደሩ እሑድ ብቻ የሚወጡም አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች ወጥ የሥራ ውል በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ወረቀቱ ይህን ቢልም፣ ዕረፍት የሚባል ነገር የማታውቅ ስንት እህት እንዳለች ይህን የምታነቡ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። እሑድ የምትወጣዋም ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ የምትወጣው በሰዓት ገደብ ነው። «ማታ 1 ሰዓት ቤት» ከተባለች፣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማለት የሚቀጥለውን እሑድ ማጣት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ይዞ የት ይኬዳል? ዳውራ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የጓደኛ ክፍል። ሁሉም ደስ ይላል። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ በግድግዳ መካከል የዋለ ሰው ሰማይ ይናፍቀዋል። ሊባኖስ ደግሞ ትንሽ አገር ናት፤ ከቤሩት በመኪና አንድ ሰዓት ብትሄዱ ተራራ ላይ ናችሁ። ከሰሜን አንድቀት እስከ ደቡብ መርጅዑዩን ድረስ አገሩን የሚያቋርጥ 470 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ አለ። በ27 ክፍሎች ተከፍሏል፤ ምልክቱ በድንጋይና በዛፍ ላይ የተቀባ ነጭና ወይንጠጅ ቀለም ነው። እኛ ከዚህ መንገድ ትንሽ ትንሹን እየቆረስን እንሄዳለን። የምንከፍለው የቫኑን ነው።

ያቺ እሑድ

ከሦስት ዓመት በፊት በግንቦት ወር 14 ሆነን ወደ ቃዲሻ ሸለቆ ሄድን። ቃዲሻ በሰሜን ሊባኖስ ከብሸሪ ከተማ ሥር የሚገኝ ጥልቅ ገደል ነው። ስሙ «ቅድስት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በገደሉ ፊት ላይ ገዳማትና የባሕታውያን ዋሻዎች ተሰቅለው ይታያሉ። በ15ኛው መቶ ዘመን የእኛ አገር መነኮሳትም በዚህ አካባቢ ኖረዋል። ኢህደን አጠገብ ያለው የማር ያዕቆብ ገዳም «አል አሕባሽ»፣ የሐበሾቹ፣ ይባል ነበር። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ደስታቸው ሌላ ነበር። «ከእኛ በፊት መጥተዋላ!» እየተባባሉ ወረዱ።

የወረድነው ያለ ምንም ሥርዓት ነበር። ጠንካሮቹ ቪዲዮ ለመቅረጽ ወደፊት ሮጡ። ሌሎቹ መሃል ላይ ወሬ ይዘዋል። ከሁሉም ኋላ አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከቤት ስትወጣ ገና ሦስተኛ እሑዷ ነው። ያደረገችው የተዋሰችውን ሸራ ጫማ ሲሆን በሁለት ቁጥር ይሰፋት ነበር። ተረከዟ ተላልጦ ካልሲዋን ልታስተካክል ስትቀመጥ ማንም አላያትም።

ከወንዙ ዳር መንገድ ላይ ወደ ቃኑቢን ገዳም የሚወጣ መገንጠያ አለ። የፊተኞቹ ወጡ፤ መሃለኞቹ የእነሱን ጀርባ እያዩ ተከተሉ። እሷ መገንጠያው ላይ ስትደርስ የምታየው ጀርባ አልነበረም። ቀጥታ ሄደች።

እኛ ገዳሙ ዘንድ ደርሰን አረፍን፣ በላን፣ የገዳሙን ሰው ለምነን የቡድን ፎቶ ተነሳን። ማንም አልቆጠረም። አንዷ ፎቶውን አጉልታ ስታይ ነው ድንገት ዝም ያለችው። ፎቶው ላይ 13 ነን።

ስልኳ አይሠራም፤ ከገደሉ ሥር ኔትዎርክ አልነበረም። እየሮጥን ወረድን። የቫኑ ሾፌርና አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ገበሬ አብረውን ሊፈልጉ ወጡ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው፤ በሙሉ ድምፃቸው ስሟን ይጠራሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። መልስ የለም።

በመጨረሻ ከጎጃም የመጣች አንዷ ልጅ ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ አገሯ ከጋራ ወደ ጋራ እንደሚጣሩት አድርጋ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ «ኧረ አንቺ ልጅ! ወዴት ነሽ?»

«አለሁ!» የሚል ድምፅ ከእርከኑ ካብ ጀርባ መጣ። ከ50 ሜትር አትርቅም ነበር።

ሲጠሯት ሰምታለች። ነገር ግን የሰማችው የማታውቀውን የወንድ ድምፅ ነው። ኢቃማዋ ማዳም ዘንድ ነው፤ በእጇ አንዳችም ወረቀት የለም። ደረክ ሊይዛት የመጣ መስሏት ከካቡ ሥር ተኝታ ተደብቃለች። እኛ በጮህን ቁጥር እሷ ይበልጥ ትደበቅ ነበር።

ስናገኛት መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ አልነበረም። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

ቤሩት የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ያን በጋ ሙሉ አልወጣችም። የምትሠራበት ሕንፃ እዚያው ሰፈራችን ስለሆነ እሑድ እሑድ ከሥር ሆነን እጃችንን እናወዛውዝላታለን፤ እሷም ልብስ የምታሰጣ መስላ ከበረንዳው ታወዛውዝልናለች። በመጨረሻ ቤት ስትቀይር ነው ተመልሳ የመጣችው።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ቀስ ብሎ መሄድ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ኋላችንን ያላየን የእኛ ነበር።

ፊታውራሪና ደጀን

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከደባርቅ የመጣች አንዲት ልጅ አለች። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ላይ ያደገች ናት። እዚያ ቱሪስት ያለ ስካውት እንደማይሄድ፣ አስጎብኚው ፊት ሲመራ ስካውቱ ከሁሉም ኋላ እንደሚሆን፣ ከስካውቱም በኋላ ማንም እንደማይቀር ነገረችን። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በድሮ ዘመን ጦር ሲንቀሳቀስ ከፊት ፊታውራሪ፣ ከቀኝ ቀኝአዝማች፣ ከግራ ግራአዝማች ነበረ፤ ከኋላ ደግሞ ደጀን። እኛም ስሙን ወስደን ሥራ አከፋፈልን።

ፊታውራሪዋ መንገዱን የምታውቅ ናት። ማንም አይቀድማትም። ከእሷ ቀጥላ የምትሄደው ግን ጠንካራዋ ሳትሆን ከሁሉም ቀርፋፋዋ ናት። የቡድኑን ፍጥነት የምትወስነው እሷ ናት። ቀርፋፋዋን ኋላ ካስቀመጣችኋት ቡድኑ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ፊት ካስቀመጣችኋት ግን ሁሉም በአንድነት ይሄዳል። ሲደክማት ቦርሳዋን አራግፈን እንከፋፈለዋለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ደጀኗ ከሁላችን ጠንካራዋ ናት። ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ትርፍ ካልሲ፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ትይዛለች። ከእሷ በኋላ ማንም አይኖርም፤ ልትሽና የወጣችም ብትሆን ትጠበቃለች። ፊታውራሪና ደጀን ሳይተያዩ ወይም ሳይሰማሙ ከቆዩ ፊተኛዋ ትቆማለች።

መገንጠያ ላይ ሁሉም ይቆማል። መንገዱ ግልጽ ቢሆንም፣ ምልክት ቢኖርም፣ ደጀኗ ሳትደርስ ማንም አያልፍም። ሰው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ አስቸጋሪው ገደል ላይ ሳይሆን ቀላሉ መገንጠያ ላይ ነው፤ ገደሉ ላይማ ሁሉም ይጠነቀቃል።

ዕረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻዋ ከደረሰች በኋላ ነው። ድሮ የፊተኞቹ 15 ደቂቃ አርፈው፣ ኋለኛዋ ልክ ስትደርስ «ያላ!» ብለው ይነሱ ነበር። ማረፍ የሚያስፈልጋት ሳታርፍ፣ የማያስፈልጋቸው ሲያርፉ ማለት ነው። አሁን የመጨረሻዋ ከተቀመጠች በኋላ 10 ደቂቃ እንይዛለን።

ሁሉም ጥንድ አለው። ጥንድ የምናደርገው የቅርብ ጓደኞችን አይደለም፤ አዲሷን ከነባሯ ጋር ነው። አንዷ ከመንገድ ከወጣች ጥንዷ ቦርሳዋን ይዛ መንገዱ ላይ ትጠብቃለች።

ቁጥር እንጠራለን። ቫን ስንሳፈር፣ ስንወርድ፣ ከየመገንጠያውና ከየዕረፍቱ ስንነሳ፣ ፎቶ ከመነሳታችን በፊት። በዓይን መቁጠር አይበቃም፤ ዓይን የለመደውን ስለሚያይ ይሳሳታል። እያንዳንዷ በራሷ አፍ ቁጥሯን ትጠራለች።

ሰዓቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1892 ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እስካሁን የሚሠራበትን ስሌት አወጣ፤ በሜዳ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለየ600 ሜትሩ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 600 ሜትር ሽቅብ ከወጣችሁ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ይህ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። እኛ በዚያ ላይ ግማሹን እንጨምራለን፤ ሦስቱን ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል እናደርገዋለን።

ከሁሉም በላይ ግን የለወጥነው የመመለሻ ሰዓቱን ነው። ጠዋት ቫኑ ውስጥ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ከሁላችን ቀድማ ቤት መግባት ያለባት ማን ናት? የሁላችን ሰዓት የእሷ ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ወደኋላ እንቆጥራለን፤ የመኪናው፣ ለመንገድ መጨናነቅ አንድ ሰዓት፣ የመመለሻው የእግር ጉዞ። የሚመጣው ሰዓት ሲደርስ የትም እንሁን የትም እንመለሳለን። ፏፏቴውን ሳናይ የተመለስንበት ቀን አለ። ፏፏቴው አሁንም እዚያው ነው፤ የልጅቷ እሑድ ግን አንዴ ከተወሰደ አይመለስም።

የወረቀት ነገርም እንዲሁ በግልጽ ይነገራል። ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ የጦር ሠራዊት ኬላ አለ። የት የት እንደምናልፍ ከጉዞው በፊት እንናገራለን፤ ኢቃማ በእጇ የሌላት ልጅ አውቃ ትወስናለች። መሄድ ያልቻለች እንዳይከፋት አንዳንድ እሑድ ሁላችንም ከሰፈራችን በእግር ወደሚደረሰው የሆርሽ ቤይሩት የጥድ ደን እንሄዳለን። እዚያም ቢሆን እንቆጠራለን።

ብትጠፊ

ሁሉም ልጅ ይህን በቃሏ ታውቀዋለች። ጓደኞችሽ ካልታዩሽ ቁሚ። ወደፊት አትሩጪ፤ አቋራጭ ብለሽ ወደ ገደል አትውረጂ። ወደ መጨረሻው መገንጠያ መመለስ ከቻልሽ ተመለሺ፤ ካልሆነ እዚያው ቁጭ በይ። በደንብ የሚታይ ልብስ አውጪ።

ፊሽካ ንፊ። የተራራ የአደጋ ምልክት በደቂቃ ስድስት ጊዜ ነው፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ፊሽካ ርካሽ ነው፤ ድምፅ ሲዘጋም ይሠራል። አሁን ሁላችንም አንገታችን ላይ አለ።

ከፈላጊዎቹ መካከል ደግሞ የሚጣራው የምትታወቅ ድምፅ ያላት ናት፤ በአማርኛ ወይም በልጅቷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በትግርኛ። ሌሎቹ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ይህን መጽሐፍ አላስተማረንም፤ ያ ካብ ነው ያስተማረን።

ሰው ከተጎዳ በሊባኖስ ቀይ መስቀል በ140፣ ሲቪል መከላከያ በ125 ይጠራል። በደቡብና በሌሎች አንዳንድ አካባቢዎች ከጦርነቶቹ የቀረ ፈንጂና ያልፈነዳ ቦንብ ስላለ ከተሠራው መንገድ አትውጡ፤ ወድቆ የተገኘ ብረት አትንኩ።

ተራራ በሌለበትም

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 መጨረሻ በሊባኖስ ላይ ድብደባው ሲበረታ፣ ከእኛ ሰፈር አጠገብ ያለው የደቡብ ቤሩት ዳርቻ ሌሊት ሌሊት ይነድድ ነበር። አሠሪዎቻቸው ቤት ቆልፈውባቸው የሸሹ፣ መንገድ ላይ የተጣሉ፣ በመጠለያ በር ላይ «ለሊባኖሳውያን ብቻ ነው» ተብለው የተመለሱ እህቶች ነበሩ።

በመጀመሪያው ሌሊት ስልኬን አንሥቼ በድምፅ መልእክት «አንድ» አልኩ። ከዚያ «ሁለት» መጣ። «ሦስት»። ከአራት ሰዓት በኋላ ሁሉም ቁጥር መልሶ ነበር፣ ከአንድ በስተቀር። የ11 ቁጥር ጥንዷ አድራሻዋን ታውቀው ስለነበር ጠዋት ሄደን አገኘናት፤ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው። አሠሪዎቿ ወጥተዋል፤ ብቻዋን ነበረች። የእኛ ክፍል ለአራት ሰው የምትጠብ ናት፤ ለሁለት ወር ዘጠኝ ሆነን አደርንባት።

ያን ጊዜ ነው መቆጠር ለመንገድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። እኛ ወረቀታችን በሌላ ሰው ኪስ የሆነ፣ በስም ሳይሆን በዜግነት የምንጠራ ሰዎች ነን። ብንጎድል ማን ያውቃል? አሁን ቢያንስ 16 ሰው ያውቃል።

እናንተም ባላችሁበት

ይህን የምታነቡት በኩዌት፣ በኤምሬትስ፣ በኦማን ወይም በሌላ አገር ሆናችሁ ይሆናል። በኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ በኤምሬትስ ደግሞ በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ሳምንታዊ ዕረፍት ይሰጣሉ። ተራራ ባይኖር የባሕር ዳርና መናፈሻ አለ። በበጋ ግን የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ይገድላል፤ ንጋት ላይ ካልሆነ ረጅም መንገድ አትጀምሩ። የአደጋ ጊዜ ቁጥር በኩዌት 112፣ በኤምሬትስ፣ በኳታርና በባሕሬን 999፣ በኦማን 9999 ነው።

ለመጀመር 17 ሰው አያስፈልግም። አራት ብትሆኑ ይበቃል፤ አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ፣ ሁለቱ መሃል። ስማችሁን፣ የምትሠሩበትን ሰፈርና ቤት የምትገቡበትን ሰዓት ጽፋችሁ ተለዋወጡ።

ባለፈው እሑድ ከባሩክ ዝግባ ደን ስንመለስ ቫኑ መልዓብ ባለዲ አጠገብ የቆመው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ነበር። የዚያን ቀን ባለ ሰዓቷ ልጅ 40 ደቂቃ ተርፏት ስለነበር ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆማ ማንኡሼ በላች። ያቺ ቃዲሻ ላይ የጠፋችው ልጅ ዛሬ ደጀናችን ናት። ከቫኑ የምትወርደው መጨረሻ ነው፤ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አይታ፣ የተረሳ ሻርፕ አንሥታ ትወርድና ቁጥሯን ትጠራለች።

«አሥራ ሰባት።»

ከዚያ ወደየቤታችን እንበተናለን።